መርዶና ሞገድ፦ ከሮብ ገበያ ወደ መርጡለ ማርያም

ከተመለስኩ ሰነባበትኩ። ጎረቤቶቼ "መንገዱ እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "ደህና" እያልኩ አልፌያቸዋለሁ። ከሮብ ገበያ ወጥተው መርጡለ ማርያምን ያላዩ፣ ምናልባትም የማያዩ ብዙዎች ናቸውና ለእነሱ ብዬ ቀስ እያልኩ ልጽፈው ተነሳሁ። አንድ አንቀጽ ጽፌ ብዙ እቀመጣለሁ፤ ቢዘበራረቅ ይቅር በሉኝ።

ባሌ ጌታነህ እዚሁ ሮብ ገበያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ በድንገት ታሞ አረፈ፤ እዚሁ ቀበርነው። እናቱ እማሆይ ወለተ ሐና የሚኖሩት መርጡለ ማርያም ነው። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ለእሳቸው ግን አልተነገራቸውም። ለዓመታት ሞራ ጋርዶት የኖረው ዓይናቸው በዚያው ሰሞን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ስለነበር፣ ሐኪሙ "ማልቀስም፣ ማሸትም፣ ማጎንበስም የለም" ብሏቸዋል። ወንድማቸው ጋሼ ይርጋ በስልክ "ዓይኗ እስኪጠና ይቆይ ልጄ" አሉኝ፤ ቆየ። እማሆይ ልጃቸውን በስልክ ለማግኘት ሲጠይቁ "ኔትወርክ የለም" ይባላሉ። ኔትወርክ በእውነትም ብዙ ጊዜ ስለማይኖር አመኑ።

ከመስቀል በኋላ ጋሼ ይርጋ ደወሉ። የእማሆይ ዓይን ድኗል፤ ተዘግቶ የነበረው መንገድም ተከፍቷል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መርዶው ይነገር ተባለ። ወጉ ይታወቃል፤ መርዶ የሚነገረው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ዘመድ ደጅ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲሰማ አይደረግም። እኔ ደግሞ ከዘመዱ ጋር አብሬ ልገባ፣ ሲሰሙ እጃቸውን የምይዘው እኔ ልሆን ፈለግሁ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ጭንቀት ብቻ ነበረኝ፤ የሌላ ሰው አፍ እንዳይቀድመኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ሐሙስ ማለዳ ተነሳሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ የጮቄ ነፋስ ጋቢ አይበግረውም። ከገብስ ዳቦና ከተቀቀለ ድንች ስንቅ ቋጥሬ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። ከዚያ በሉማሜ በኩል ወደ ደጀን፣ ከደጀን ወደ ብቸና፣ ከብቸና ወደ ጉንደ ወይን ነው መንገዱ። በካርታ ቢያዩት ጮቄን ዞሮ መሄድ ነው። ወፍ ብሆን ተራራውን ተሻግሬ ቶሎ በደረስኩ።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ለአውቶቡስ ስንሰለፍ ከኋላ አንዱ ገፋ። የተገፋው የፊቱን ገፋ፣ የፊቱም የፊቱን፤ ግፊቱ እኔ ጋ ደርሶ ትከሻዬን ነክቶ ወደ ፊት አለፈ። ማንም ከቦታው አልሄደም፤ የሄደው ግፊቱ ብቻ ነው። ጌታነህ ተማሪዎቹን ሰልፍ አስይዞ ይህንኑ ያሠራቸው ነበር። "መሬት ስትንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚደርሰው ሞገድ ይሄ ነው" ይላል፤ "ፒ ይባላል። ድንጋዩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የጎረቤቱን ይገፋል። ፈጣን ነው፤ ግን ልዝብ ነው።" ልጆቹ ደግሞ ፒውን ሰበብ አድርገው የሚጠሉትን ልጅ ከሰልፍ ያስወጡበታል።

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ከአዲስ አበባ ያመጣውን ጨርቅ ደብረ ማርቆስ ሽጦ ወደ ብቸና የሚመለስ ጎልማሳ ነጋዴ ነበር። ጥቁሬን አየና "እትዬ፣ ማን ነው?" አለኝ። "ባሌ" አልኩት። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብሎ በመስኮት በኩል ያለውን ቦታ ለቀቀልኝ። ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው "ወዴት ነው ጉዞው?" ሲሉኝ "ጉንደ ወይን" አልኩ። መርጡለ ማርያም ብል፣ የማን ዘመድ እንደሆንኩ ጠይቆ በስልክ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ አይጠፋም።

ሉማሜን ሳናልፍ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ማሳ ዳር ተቀመጥን። እኛ ዘንድ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ እዚያ ጤፉ መንጣት ጀምሯል፤ ፀሐዩም ሌላ ነው፤ ጋቢዬን አውልቄ ታቀፍኩት። ድንቼን አውጥቼ ለነጋዴው አካፈልኩት። እየላጠ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ እንዴት እንደተሰማው አወራኝ።

"ፎቅ ላይ ነበርኩ" አለ። "አምፖሉ እንዲህ፣ እንዲህ ይላል። እኔ ደግሞ ራሴን አዞረኝ ብዬ ስኳር በሻይ አዘዝኩ። ሮጬ ብወርድ ዘበኛው ቁጭ ብሎ ቆሎ ይበላል! 'ምን ሆነህ ነው?' ይለኛል። አላመነኝም እኮ፤ 'ጠጥተህ ነው' አለኝ።"

ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ፤ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከዚያ ጌታነህ የሚለውን ነገርኩት። ከሩቅ ከሚመጡት ሞገዶች መጨረሻ ላይ የሚደርሰው በመሬት ገጽ ላይ የሚሄደው ነው። ይሄ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። አንዱ ዓይነት መሬቱን እንደ እባብ ግራና ቀኝ ያስኬደዋል፤ ሌላው እንደ ሐይቅ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያደረገ ያንከባልለዋል። ረጅም ሕንፃ ደግሞ ዝግታው ስለሚስማማው አብሮት ይወዛወዛል፤ መሬት ላይ የተቀመጠው ላያውቅ ይችላል። "ቅርብ ሲሆን ቤት የሚያፈርሰውም በአብዛኛው እሱ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ዘበኛውም እኔም ልክ ነበርን?"

"ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።"

"ይሄን ዛሬውኑ ደውዬ ነው የምነግረው" አለና ድንቹን ጎረሰ። ብቸና ሲወርድ ዕቃዬን ከላይ አውርዶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ።

ጉንደ ወይን ስንደርስ መሽቷል። ያደርኩት ወይዘሮ አዱኛ የምትባል ሴት ቤት ነው፤ ፊት ለፊቱ ምግብ ቤት፣ ከጀርባው አልጋ። እግሬ አብጦ ጫማ አልወልቅ ሲል እሷው ተንበርክካ አወጣችልኝና ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው በትና አቀረበችልኝ። ልብሴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ሽሮዋ ከእኛው ይቀጥናል፤ በርበሬው ግን ይበረታል። እግሬን ውሃው ውስጥ እንዳደረግሁ በላሁ።

የባሌን ሥራ ስነግራት ግን ዓይኗ በራ። "እንግዲያ አንቺ ታውቂያለሽ! ጮቄ ሊፈነዳ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"ጮቄ ጥንት እሳት የተፋ ተራራ ነው፤ አሁን ጠፍቷል፤ ድንች ነው የሚያበቅለው። እኔ እኮ እግሩ ሥር ነው የምኖረው።"

"መቼስ አንቺ ቀድመሽ ካልሸሸሽ እኔ አልሸሽም።"

መሬት ስለሚያንቀጠቅጡት ሞገዶች አውርቼላት ሁለተኛው እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ከልብስ ማስጫው ገመድ አንዱን ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ወደ ላይና ወደ ታች አንዴ ወዘወዝኩት። ጉብታው በገመዱ ላይ ሮጦ ምሰሶው ጋ ደረሰ፤ የተሰጣው ሱሪ ዘሎ ወደቀ። ኤስ የሚሉት ይሄ ነው፤ ከፒ ኋላ ይደርሳል፤ የሚሄደው ወደ ፊት፣ የሚያናውጠው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ነው። አዱኛ ሱሪውን አንስታ እያራገፈች "ባለቤቴ የሱሪውን መንቀጥቀጥ ሲሰማ ምን ይለኝ ይሆን" አለች። የራሷን ብርድ ልብስ ደርባልኝ ሄደች። ቤቴ ብሆን ያን ያህል አልተኛም ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ሐሳቤ መርጡለ ማርያም ጀንበር ስትጠልቅ መድረስ ነበር፤ ሰው ሳያየኝ ጥሩ የምትባለው የእማሆይ ጎረቤት ቤት ገብቼ ለማደር። አዱኛ ያገኘችልኝ የጭነት መኪና ከሰዓት በኋላ ይነሳል ተብሎ ነበር። ሾፌሩ ግን ጭነቱ ቶሎ ስለሞላለት ቁርሴን ሳልጨርስ ጥሩምባ ነፋ። ሌላ መኪና ላይገኝ ይችላል፤ ወጣሁ። አዱኛ የተረፈውን እንጀራ ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችኝ። ሾፌሩ እኔን ጋቢና አስቀምጦ ረዳቱን ከላይ ጫነው።

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው እንደ እኛ ጭቃ ጥቁር ሳይሆን ቀላ ያለ ነው። ከሾፌሩ ጋር ብዙም አላወራን። እኔ ጌታነህ ስለ ርቀት የሚለውን አስብ ነበር። ፒና ኤስ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። አንዱ ሯጭ ነው፣ አንዱ እግረኛ። መነሻው ሩቅ ከሆነ በመድረሻቸው መካከል ያለው ጊዜ ይሰፋል፤ ቅርብ ከሆነ ይጠባል። የመንቀጥቀጥ መለኪያውን የሚያነቡ ሰዎች ያንን ክፍተት አይተው መንቀጥቀጡ ከምን ያህል ርቀት እንደተነሳ ያውቃሉ፤ በሦስት ቦታ የተለካ ካላቸው ደግሞ ቦታውን ያገኙታል። እኔ ዘንድ ክፍተት አልነበረም። ሲያርፍ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ለእናቱ ግን ክፍተቱን ያሰፋነው እኛ ነን። ለዓይናቸው ብለን ነው፤ ቢሆንም እሳቸው ልጄ አለ ብለው የኖሩበት ያ ሁሉ ቀን እንዴት እንደሚቆጠር አላውቅም። አሁንም አላውቅም።

መርጡለ ማርያም ስደርስ ገና ቀትር አልሆነም። ስለ ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን እንድጽፍ የምትጠብቁ ታዝኑብኛላችሁ፤ ከሩቅ ተሳልሜ አለፍኩ። በጓሮ መንገድ ጥሩ ቤት ገባሁ። ጥሩ የእኔ እኩያ ናት፤ ዐውቃታለሁ። ጋሼ ይርጋ ዘመድ ለመጥራት ወደ ገጠር ወጥተው ስለነበር ከእሷ ሌላ የሚያውቀኝ ሰው አጠገባችን አልነበረም። ሳትጮህ አቅፋ አለቀሰችልኝ፣ እግሬን አጠበችኝ፣ ጓዳ አስቀመጠችኝ። ጓዳው ይሞቃል። እኛ አገር ጓዳ ሲሉ ብርድ ነው የሚታሰበኝ፤ እዚያ አላበኝ። ነፋስ ልውሰድ ብዬ ጥቁሬን እንደለበስኩ ጓሮ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ይሄ ነው ስህተታችን። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ዓይናቸው ስንማከር ሁላችንም ያሰብነው ስለ ማልቀሳቸው ነው፤ ስለ ማየታቸው ያሰበ የለም። እማሆይ ለእኛ የማያዩ ሰው ነበሩ። ድምፃችንን ከጠበቅን የተደበቅን መስሎን ኖረናል።

የጓሮው በር ተንኳኳና እማሆይ ወለተ ሐና መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ከጎኔ እህል ትነፋ የነበረችው ጥሩ ወንፊቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"አንቺ ጥሩ!" አሉ ገና ከበሩ፤ "ይሄ ግድግዳሽ እንዲህ ተሰንጥቆ ነው ደህና ነው የምትይኝ? ዶሮዎችሽም ነጫጭ ናቸው እንዴ? እኔ ቀይ ይመስሉኝ ነበር።"

"ነጭ ናቸው እማሆይ።"

"ስታታልይኝ ኖረሻላ።" ዓይናቸው ከዳነ ወዲህ ቤት አይቀመጡም፤ በየጎረቤቱ እየገቡ የሁሉን ጉድ ያያሉ አለችኝ ጥሩ ኋላ። ከዚያ እኔን አዩኝ። "እንግዳ አለሽ?"

"አዎ… የ… የዘመድ ዘመድ ናት።"

"ጥቁር ለብሳለች። ማን ሞቶባት ነው?"

ጥሩ ወደ ዶሮዎቹ አየች። "ባሏ ነው።"

ቀረብ አሉና ፊቴን ቁልቁል አዩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጌታነህን ሳገባ ዓይናቸው ቀድሞ ተጋርዶ ስለነበር ፊቴን አይተው አያውቁም። እኔ ለእሳቸው ድምፅ ነኝ። ካልተናገርኩ ማንም አይደለሁም።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አሉኝና መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ።

ለዚህ መልስ አለ፤ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን አንገቴን ብቻ ደፋሁ።

"አትናገርም?"

"ድምፅዋ ተዘግቶ ነው እማሆይ፣ በለቅሶ" አለች ጥሩ። 

"ይዘጋል፣ ይዘጋል።" እጄን ወስደው ጭናቸው ላይ አደረጉት። "የኔ ባል የሞተ ጊዜ ሲነግሩኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ሽንኩርቱን ጨርሼ፣ አጥቤ፣ ከድኜ ነው የጮህኩት። ሰዉ 'ጨካኝ ናት' አለኝ። ጨካኝ አይደለሁም፤ ሐዘኑ ገና አልደረሰኝም ነበር። ልጅ ጥሎልሻል?"

ራሴን ነቀነቅሁ፤ የለም።

"አይ። እኔ አንድ አለኝ፤ ሮብ ገበያ መምህር ነው። ዓይኔ መዳኑን ገና አልሰማም፤ ስልኩ እንቢ ብሎ። ቢሰማ ውሎ አያድርም ነበር። ይኸው ግድግዳውንም ዶሮውንም እያየሁ የምውለው እሱ እስኪመጣ ዓይኔን ላለማምድ ብዬ ነው።"

ጥሩ ወንፊቱን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። ጋሼ ይርጋ የሉም፤ ሽማግሌ የለም፤ ዘመድ የለም፤ ጊዜው እኩለ ቀን ነው። ዝም ብል እስከ ነገ ጎህ ይቆያል፤ ሁሉም እንደ ወጉ ይሆናል። ግን ነገ ሲሰሙ፣ ዛሬ ስለ ገዛ ልጃቸው "ያጽናሽ" ብለውኝ እኔ እንደ ባዕድ መቀበሌን አብረው ይሰማሉ። እጃቸው አሁንም እጄን ይዟል።

"እማሆይ" አልኩ።

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

"እንደገና በይ።"

"እማሆይ፣ እኔ ነኝ። ዓለምነሽ ነኝ።"

ፊቴን አዩት። ከዚያ ጥቁሬን ከአንገቱ እስከ ጫፉ፣ ቀስ ብለው፣ ምንም ሳይዘሉ አዩት። "ይሄ ነው መልክሽ" አሉ። ቀጥለው "መቼ?" አሉ። ነገርኳቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ጥሩ መጥታ ሁለታችንንም አቀፈችን፤ ጎረቤት እስኪሰማ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

ጀንበር ሳትጠልቅ ቤታቸው ወሰድናቸው። ዓይናቸውን በንጹሕ ጨርቅ እያበሰች ጥሩ "በቃ እማሆይ፣ ዓይንዎ" ስትላቸው "ለምኔ ላደርገው ነው?" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ያላሰብኩትን ጠየቁኝ።

"ምንድን ነበር የሚያስተምረው? በመጣ ቁጥር ብጠይቀው 'የመሬት ነገር ነው' እያለ ያልፈኝ ነበር።"

ነጠላዬን አወለቅሁና አንዱን ጫፍ አስያዝኳቸው። ወደ እሳቸው ገፋ፣ ወደ እኔ ሳብ ሳደርገው ግፊቱ እጃቸው ላይ ደረሰ፤ "መሬት ስትንቀጠቀጥ ቀዳሚዋ ሞገድ ይቺ ናት፤ በድንጋይም በውሃም ታልፋለች።" ወደ ጎን ሳወዛውዘው ጨርቁ ተጠማዞ ደረሳቸው፤ "ይቺ ሁለተኛዋ፤ ኋላ ትመጣለች፤ ፈሳሽ አትሻገርም።"

"ዓባይን አትሻገርም?"

"እሱንስ ከሥሩ ባለው ድንጋይ ትሻገራለች። በምድር ሆድ ውስጥ፣ በጣም በታች፣ የቀለጠ ብረት አለ፤ እሱ ጋ ስትደርስ ነው የምትቀረው። ሰዎች የምድር ሆድ ፈሳሽ እንዳለው ያወቁት ሁለተኛዋ ወዲያ ማዶ ሳትደርስ ስትቀር ነው።"

"ሳትደርስ ስትቀር" አሉ። ጫፉን አልለቀቁም። "ከዚያስ?"

ከዚያ የገጹን ሞገድ በጨርቁ ሙሉ አሳየኋቸው፤ ከፍ ዝቅ እያለ መጣላቸው። ደጋግመው አሠሩኝ። "ይሄን ነበር የሚያስተምረው? ለሰው ልጅ ሁሉ?" "ለሮብ ገበያ ልጆች" አልኳቸው። "ይበቃል" አሉ።

ሦስተኛው ቀን

ጋሼ ይርጋ በገጠር ሆነው አልሰሙም፤ ስልካቸው አይሠራም። እንደ ተባባልነው ጎህ ሳይቀድ ዘመዱን ሁሉ ይዘው መጡ። ከውጭ የእግር ድምፅ፣ የሚታፈን ሳል፣ "ማን ይግባ?" የሚል ሹክሹክታ ይሰማናል። እኔ ልነሳ ስል እማሆይ ትከሻዬን ተደግፈው ቀደሙኝና በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

ጋሼ ይርጋ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ስንት ቀን ያጠኑት ንግግር ነበራቸው፤ እህታቸውን ሲያዩ ጠፋባቸው። ከኋላቸው ሰዉ ጨለማው ውስጥ ተጠጋግቶ ቆሟል። እማሆይ አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ብዙዎቹን በድምፅ እንጂ በመልክ አያውቋቸውም።

"ሰምቻለሁ ይርጋ" አሉ። "ልጄ ነገረችኝ። እናንተም መንገድ ሄዳችሁ መጥታችኋል፤ ግቡና አልቅሱልን።"